ዴቪስን በእግርና በአውቶቡስ እንዴት ማየት ይቻላል

ዴቪስ ከካሊፎርኒያ ርዕሰ ከተማ ከሳክራሜንቶ በስተ ምዕራብ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ወደ 67,000 የሚጠጋ ነዋሪ ተመዝግቦባታል። ዳገትም ሆነ ቁልቁለት የላትም፣ የመሐል መንገዶቿ በትላልቅ ዛፎች የተጠለሉ ናቸው፣ አውቶቡሶቿም ቢሆኑ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃሉ። በመሆኑም በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች መኪና ለሌለው እንግዳ የሚገጥመው ችግር እዚህ እምብዛም አይታይም። ጉዞውን የሚያቅድ ሰው ግን ከሆቴልም ሆነ ከባቡር ትኬት በፊት መመልከት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ካሌንደር ነው። ትምህርት በሚሰጥባቸው ወራት፣ ማለትም ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ጁን አጋማሽ፣ አውቶቡሶቹ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳሉ፣ ሱቆቹና ካፌዎቹም ይሞላሉ። በበጋው ዕረፍትና በገና ሰሞን ደግሞ ከተማው ጭር ይላል፣ የአውቶቡሱም ምልልስ በእጅጉ ይቀንሳል። ምርጫው የእርስዎ ከሆነ አፕሪልን ወይም ኦክቶበርን ይምረጡ።

በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜ ወይም በአካባቢው የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ወደ ዴቪስ ለመሄድ መጀመሪያ የሚያስቡት መኪናቸውን ነው፤ ሆኖም ካፒቶል ኮሪደር የተባለው ባቡር ከሳን ሆዜ ተነሥቶ በኦክላንድ፣ በበርክሌይና በሪችመንድ አልፎ ዴቪስ ያደርሳል። ከኦክላንድ የሚወስደው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በአውራ ጎዳናው ላይ ከሚያጋጥመው መጨናነቅ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ዕረፍት አለው። ሲሄዱ በግራ በኩል ይቀመጡ፤ ባቡሩ ሪችመንድን ካለፈ በኋላ የባሕረ ሰላጤውን ዳርቻ ተከትሎ ስለሚጓዝ ውኃው ከመስኮቱ ሥር ይታያል። በአውሮፕላን የሚመጡ ደግሞ ከሳክራሜንቶ አውሮፕላን ማረፊያ ዮሎባስ የሚባለውን አውቶቡስ መያዝ ይችላሉ። 42ኤ እና 42ቢ የተባሉት መስመሮች ዴቪስን፣ ዉድላንድን፣ አውሮፕላን ማረፊያውንና ሳክራሜንቶን በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞሩ ያገናኛሉ። አንዱ መስመር ከሌላው ቶሎ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ከመሳፈርዎ በፊት የትኛው እንደሚቀርብ ሹፌሩን መጠየቅ ይገባል።

የባቡር ጣቢያው በ1913 የተሠራ፣ ነጭ ግድግዳና ቀይ የሸክላ ጣሪያ ያለው ቤት ሲሆን የሚገኘው በሁለተኛ ጎዳናና በኤች ጎዳና መገናኛ ላይ ነው። ከዚህ ጀምሮ ካርታ ማውጣት እንኳ አያስፈልግም። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት ጎዳናዎች በእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ደግሞ በቁጥር የተሰየሙ ናቸው። ቁጥሩ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጨምራል፤ ፊደሉ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ድንበር ላይ ካለው ኤ ጎዳና ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ስለዚህ ከጣቢያው ወጥተው ፊደላቱ ወደ ኋላ እየተቆጠሩ ከሄዱ፣ ሩብ ሰዓት ባልሞላ የእግር መንገድ ውስጥ ካምፓሱ ደጃፍ ይደርሳሉ። ምግብ ቤቶቹ፣ የመጻሕፍት መደብሮቹና ካፌዎቹ በአብዛኛው በዚህ መንገድ ዙሪያ ስላሉ መሐል ከተማውን ለማየት ከዚህ የተለየ ዘዴ አያሻም።

ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ሴንትራል ፓርክ ይሂዱ። በሦስተኛና በአምስተኛ ጎዳናዎች መካከል በሚገኘው በዚህ መናፈሻ ከ1976 ጀምሮ የገበሬዎች ገበያ ይቆማል፤ ቅዳሜ በአገሩ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 1 ሰዓት፣ ክረምት ከበጋ ሳይል ክፍት ነው። ረቡዕም ገበያ አለ፣ የቅዳሜውን ያህል ግን አይደምቅም። በበጋ ኮክና ቲማቲም፣ በመከር ሮማንና ወይን፣ በክረምት ብርቱካንና መንደሪን ይቀርባል። ሻጮቹ ፍሬ ቆርጠው ያስቀምሳሉ፣ ስለ እርሻቸው ቢጠየቁም ደስ ይላቸዋል። እዚህ ከሰው ጋር ለመጨዋወት ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም፤ ኮኩ ለዛሬ ይበላል ወይስ ለነገ ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ጥሬ ገንዘብ መያዝ አይዘንጉ፤ በተለይም የአንድ ዶላር ኖቶች ከዚህ በኋላ ለአውቶቡስም ይጠቅማሉ።

ከገበያው በኋላ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው አርቦሬተም መሄድ ይሻላል። ይህ በ1936 የተቋቋመ የዕፅዋት ማሳደጊያ ሥፍራ ፑታ ክሪክ የተባለውን ጅረት የቀድሞ መውረጃ ተከትሎ በረጅሙ የተዘረጋ ሲሆን፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ የሚዘጋ በርም የለውም። በምሥራቅ በኩል ያለው መግቢያ የሚገኘው ከአንደኛ ጎዳና በስተ ደቡብ፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ነው። መንገዱ በውኃው በሁለቱም ወገን ስለሚሄድ በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ ይቻላል፤ ሙሉ ዙሩ 5.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁሉንም መጨረስ የማይፈልግ ሰው በድልድዮቹ ላይ ተሻግሮ ማሳጠር ይችላል፣ ነገር ግን ከምሥራቁ ጫፍ አጠገብ ያለውን የሬድውድ ደን ሳያይ እንዳይመለስ እመክራለሁ። ከሜዳው ሙቀት ወጥቶ እነዚያ ረጃጅም ዛፎች ሥር ሲገቡ ቅዝቃዜው በግልጽ ይሰማል፤ መሬቱ በረገፉ ቅጠሎች ስለተሸፈነም የእግር ኮቴ አይሰማም። ወደ ምዕራብ ሲገፉ የአውስትራሊያ ዕፅዋት፣ የግራር ዛፎችና በመጨረሻም በርካታ የባሉጥ ዝርያዎች ይገኛሉ። በእንጦጦ ግርጌ ያደገ ሰው የባሕር ዛፉን ሽታ ሳይነገረው ያውቀዋል። ውኃው ራሱ በበጋ አረንጓዴ ይሆናል፣ አንዳንዴም ይሸታል፤ ዳክዬዎቹና የውኃ ኤሊዎቹ ግን ቅር ያላቸው አይመስሉም። ዳቦ አይጣሉላቸው።

ካምፓሱ ከአርቦሬተሙ ጋር ስለሚያያዝ ወደ ሰሜን መታጠፍ ብቻ ይበቃል። እዚህ ላይ እግረኛ ማወቅ ያለበት አደጋ ከመኪና ሳይሆን ከብስክሌት የሚመጣ ነው። ዴቪስ በአሜሪካ ለብስክሌት ብቻ የተለየ መስመር በ1967 ቀድማ ያሰመረች ከተማ ስትሆን፣ በካምፓሱ መንገዶች መገናኛዎች ላይ የትራፊክ መብራት ሳይሆን የብስክሌት አደባባዮች አሉ። ክፍለ ጊዜዎቹ የሚያበቁት ሰዓቱ ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ስለሆነ፣ በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ በየአደባባዩ የሚዞረው የተማሪ ብዛት እንግዳውን ያደናግረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ያን ጊዜ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ማየት፣ ጋብ ሲል ደግሞ በዜብራው መሻገር። መሐል ገብቶ ወደ ፊት ወደ ኋላ ማለት ግን ብስክሌተኛውንም ያሳስታል፤ መሻገር ከጀመሩ በአንድ ፍጥነት ቀጥ ብለው ይሂዱ።

በካምፓሱ ሊታዩ ከሚገባቸው ነገሮች መካከል የቀራፂው የሮበርት አርነሰን የዕንቁላል ቅርጽ ያላቸው ራሶች ይገኙበታል። አርነሰን ከ1962 ጀምሮ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሲሆን፣ ራሶቹ በተለያዩ ሕንጻዎች ደጃፍ ተበታትነው ተቀምጠዋል። በዋናው ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ያለው አፍንጫውን መጽሐፍ ውስጥ ቀብሮ የሚታይ ነው፤ ተማሪዎች ከፈተና በፊት ዕድል ይሰጠናል ብለው ይዳስሱታል። በደቡብ በኩል፣ ከትልቁ የሙዚቃና የትያትር አዳራሽ አጠገብ፣ በ2016 የተከፈተው የሽሬም የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ በቀትር ሙቀትም ጥሩ መጠለያ ይሆናል።

አሁን ወደ አውቶቡሱ እንምጣ፤ ይህችን ከተማ ከሌሎች የሚለያትም እርሱ ነው። ዩኒትራንስ የተባለው የአውቶቡስ አገልግሎት በ1968 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ከለንደን በገዛቸው ሁለት ያገለገሉ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ነው። እስካሁንም ሹፌሮቹ በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው፤ ያጓጓዙት ሰው መንገድ ቢጠይቃቸው የሚሰለቹ አይደሉም። መነሻዎቹ ሁለት ናቸው፦ በካምፓሱ ምሥራቅ በኩል ያለው ሜሞሪያል ዩኒየንና ወደ ምዕራብ ያለው ሳይሎ። መስመሮቹ በፊደል ስለሚጠሩ፣ ከመሳፈርዎ በፊት ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ተርሚናል እንደሚነሣም ያረጋግጡ። የብዙዎቹ ምልልስ በየግማሽ ሰዓቱ ነው፤ ያመለጠውን አውቶቡስ እየሮጡ ከመከተል ሻይ መጠጣት ይሻላል። ክፍያው አነስተኛ ነው፣ ነገር ግን ሹፌሩ መልስ ስለማይሰጥ ልክ ሒሳቡን፣ ኖትና የሩብ ዶላር ሳንቲም ቀላቅሎ፣ መያዝ ወይም ትኬቱን አስቀድሞ በስልክ መግዛት ያስፈልጋል። ዩኒትራንስና ዮሎባስ የተለያዩ ድርጅቶች ስለሆኑ የአንዱ ትኬት በሌላው ላይ ይሠራል ብለው አይገምቱ። ለመውረድ ሲቃረቡ በመስኮቱ ርዝመት የተዘረጋውን ገመድ ሳብ ያድርጉ፤ በፌርማታው ላይ የሚወርድም የሚሳፈርም ከሌለ አውቶቡሱ አልፎ ይሄዳል። ሲወርዱ ሹፌሩን ማመስገን የከተማው ልማድ ነው።

መድረሻ ሳይኖርዎት አንድ ጊዜ እንዲሳፈሩ የምመክረው ፒ ወይም ኪው የተባለውን መስመር ነው። ሁለቱ ከተማውን በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ አንዱን ይዘው ከተነሡበት ተመልሰው እስኪደርሱ ድረስ መቀመጥ ይቻላል። በመንገዱ ላይ አስጎብኚ የማያሳያቸውን ትምህርት ቤቶች፣ የልጆች መጫወቻዎች፣ የቤተሰብ መኖሪያ ሰፈሮችና ከተማው በድንገት አብቅቶ እርሻው የሚጀምርበትን ዳርቻ ያያሉ። ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ በየትኛውም መስመር ካጋጠመዎት ደግሞ ሳያመነቱ ላይ ወጥተው የፊቱን ወንበር ይያዙ፤ የዛፎቹ ቅርንጫፎች መስኮቱን ሲዳብሱት ይታያል።

ጊዜ ያለው ሰው በምዕራብ ዴቪስ ያለውን ቪሌጅ ሆምስ የተባለ ሰፈርም መጎብኘት ይችላል። በ1970ዎቹ የተሠራው ይህ ሰፈር ቤቶቹ የፀሐይን ሙቀት እንዲጠቀሙ ሆነው የታነፁበት፣ የዝናብ ውኃም በቧንቧ ሳይሆን በሣር ቦዮች እንዲሰርግ የተደረገበት በመሆኑ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ከሩቅ ሳይቀር መጥተው ያዩታል። የእግር መንገዶቹ በሰዎች ጓሮ አጠገብ ያልፋሉ፤ ስለዚህ ድምፅ ዝቅ ማድረግና ፍሬ አለመቁረጥ ይገባል። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በአምስተኛ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ከመሐል ከተማው 20 ደቂቃ ያህል ሲራመዱ፣ በፖስታ ቤቱ አጠገብ በ1995 ለጉርጦች የተሠራው ዋሻ አለ። በአዲሱ መንገድ ሥር በሰላም እንዲሻገሩ ታስቦ የተሠራ ትንሽ ቱቦ ነው፤ ጉርጦቹ ይጠቀሙበት እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል። ለዚህ ብቻ ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም፤ ልጆች ከያዙ ግን ይስቁበታል።

ስለ አየሩ አጭር ማሳሰቢያ፦ በጁላይና በኦገስት ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከቀትር እስከ አመሻሽ በእግር መጓዝ አይመከርም። ማታ ማታ ከባሕረ ሰላጤው የሚነሣው ነፋስ ስለሚያቀዘቅዘው፣ ያን ጊዜ በመሐል ከተማው መንሸራሸር ይቻላል። በክረምት ደግሞ ወፍራም ጉም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። በአፕሪል የሚደረገው ፒክኒክ ዴይ ከ1909 ጀምሮ የነበረ የዩኒቨርሲቲው በዓል ሲሆን፣ በሆዷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እጅ የሚገባባት ላም ሳትቀር ትታያለች። ሕዝብ መሐል መሆን ለሚወድ መልካም ቀን ነው፤ ጸጥታ የሚፈልግ ግን ያን ቅዳሜ ይለፈው፣ አውቶቡሶቹም ከወትሮው መንገዳቸው ይወጣሉ።

ለመመለስ ሲዘጋጁ የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት አስቀድመው ይወቁ፤ ቅዳሜና እሑድ ምልልሱ ከሥራ ቀናት ያነሰ ነው። የካፒቶል ኮሪደር ትኬት የተወሰነ ወንበር ስለማያስይዝ፣ አንዱ ባቡር ቢያመልጥ በዚያው ትኬት በሚቀጥለው መሳፈር ይቻላል። በዚሁ ሐዲድ የዕቃ ባቡሮችም ስለሚያልፉ መዘግየት ያጋጥማል። አንድ ባቡር አልፎ በሐዲዱ መሻገሪያ ላይ ያለው አጥር ካልተነሣ ሌላ ከወዲያ እየመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ አይሻገሩ። ወደ ኦክላንድ የሚመለስ ሰው በዚህ ጊዜ መቀመጥ ያለበት በቀኝ በኩል ነው።