የአሮጌ ላንድክሩዘር መሪ ሲንቀጠቀጥ፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

ክረምት ላይ ፎገራ ሜዳ ገብቶ የወጣ ላንድክሩዘር፣ አስፋልት ይዞ ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ ሐሙሲት ሳይደርስ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ውሃ አንሱ። የፎገራ ጥቁር ጭቃ በቸርኬው የውስጥ በኩል ተለጥፎ ይደርቅና የጎማውን ሚዛን ያዛባል። ከውጭ ታጥቦ የጸዳ ቸርኬ ከውስጥ ጭቃ ተሸክሞ ሊሆን ስለሚችል ጎንበስ ብላችሁ በእጃችሁ ዳብሱት፤ በእንጨት ፈቅፍቃችሁ እጠቡት። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ ፍጥነቱን አስተውሉ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ መጥቶ ፍጥነት ሲቀንስ የሚጠፋ ንዝረት በአብዛኛው የጎማ ጣጣ ነው፦ ባላንስ የጎደለው፣ ያበጠ፣ ወይም ቸርኬው የተጣመመ። ጎሚስታ ጋ ባላንስ አሠሩ፤ የፊቱን ከኋላው ጋር አቀያይሩ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ዲስኩን ወይም ታምቡሩን አስለኩ።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። መኪናው በ60 ወይም በ70 እየሄደ ጉድጓድ ሲመታ መሪው በድንገት ግራ ቀኝ ይወራጫል፤ ፍጥነቱ በጣም ካልቀነሰም አይተውም። ያኔ ፍሬን በኃይል አትርገጡ። አውራ ጣታችሁን ከመሪው ክብ ውጭ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ነዳጁን ልቀቁ፣ ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ። ባላንስ የጎደለው ጎማ ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ እንዲህ እንዲወራጭ የሚያደርገው ግን የላላ ነገር ነው።

የላላውን ለማግኘት ደልዳላ ቦታ ላይ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሱና አክሰሉን በጠንካራ ማቆሚያ አስደግፉ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ፣ እናንተ እንደገና ወዝውዙ። እንቅስቃሴው ከጠፋ የላላው የሞዞው (ጎማው የሚታሰርበትና አብሮት የሚሽከረከረው ክፍል) ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተረግጦም ካልጠፋ የፐርኖ ኩሽኔታው ነው፤ ጎማው ግራ ቀኝ የሚዞርባቸው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ያሉት ማለት ነው። እስከ 1999 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ፊታቸው ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) የሆነው የ70 ሲሪዝ ላንድክሩዘሮች ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

የሞዞው ቀላል ነው። በ54 ሚሊ ሜትር ቡሶላ ተፈትቶ ይታያል፤ ግሪሱ ወተት ከመሰለ ወንዝ ስትሻገሩ ውሃ ገብቶበታል፤ ውሃ እንዳይገባ የሚያግደው ጎሚኒ ይቀየር፣ ኩሽኔታው ታጥቦ ይመርመር፣ በአዲስ ግሪስ ታሽቶ ይጥበቅ። የፐርኖው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከክዳኖቹ ስር ያሉት ስስ ብረቶች ጥብቀቱንም መሃል መያዙንም ስለሚወስኑ የላዩ ከታቹ እንዳይቀላቀል ለዩዋቸው። ኩሽኔታው ከነቀለበቱ ይቀየራል። ሲገጠም፣ የመሪው ዘንግ ሳይታሰር በእጅ ስታዞሩት እየከበደ መዞር አለበት፤ ነፋስ እንዳገኘ በር ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ አሁንም ልል ነው።

ቴስቲናዎቹን፣ ማለትም የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ መገጣጠሚያዎች፣ ደግሞ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ፈትሹ። ረዳቱ መሪውን ትንሽ ግራ ቀኝ ሲያደርግ እጃችሁን በየመገጣጠሚያው ላይ አኑሩ፤ ያለቀው ጣት ላይ ይነግራችኋል። በባሌስትራው ማሰሪያ ውስጥ ያሉትን ቦኮላዎችና የመሪ ሳጥኑ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸውን ብሎኖች አትለፉ። ባሌስትራው ተነስቶ ከፍ የተደረገ መኪና ላይ የአክሰሉ ዘንበል ማለት ተዛብቶ ይሆናል፤ በባሌስትራውና በአክሰሉ መካከል በሚገባ ሽብልቅ ይስተካከላል።

መንቀጥቀጥ ሲነሳ ወዲያው የመሪውን ሾክ (የመሪ ዘንጉን ንዝረት የሚያፍነውን) ቀይሮ መስጠት የተለመደ ነው። አጥብቄ እቃወመዋለሁ። አዲስ ሾክ መወራጨቱን ያፍነዋል እንጂ የላላውን አያጠብቅም፤ ባለቤቱ ድኗል ብሎ ቤተሰቡን ጭኖ ይወጣል፣ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ግን መበላቱን ይቀጥላል። ሾክ የሚቀየረው ሌላው ሁሉ ከጠበቀ በኋላ ነው።

በመጨረሻ አላይመንት አሠሩና ሰው በማይበዛበት ሰዓት ወደ ጢስ አባይ በሚወስደው መንገድ ቀስ እያላችሁ ሞክሩት። ስትመለሱ የጎማውንና የፈታችኋቸውን ዳዶዎች በሙሉ ደግማችሁ አጥብቁ።