ለሽሪምፕ ጫጩቶች የሚስማማ ውሃ፦ ጥንካሬውን መለካት፣ ማስተካከልና ማጽናት

በቤት አኳሪየም ውስጥ የሚረባው ትንሹ የቼሪ ሽሪምፕ እናት እንቁላሎቿን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያህል በሆዷ ሥር ተሸክማ ትቆያለች፤ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ደግሞ ርዝመታቸው 2 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆንም በመልክም በአኗኗርም ወላጆቻቸውን የሚመስሉ ናቸው። በእጭነት የሚያሳልፉት ጊዜ ስለሌላቸው በዚያው አኳሪየም ውስጥ ማደግ ይችላሉ። ከባዱ ፈተና የሚመጣው ቅርፊታቸውን በሚቀይሩበት ጊዜ ነው። የሽሪምፕ ቅርፊት በካልሲየም ካርቦኔት የጠነከረ በመሆኑ ከአካሉ ጋር አብሮ አያድግም፤ ስለዚህ ሽሪምፑ ባደገ ቁጥር አሮጌውን ጥሎ አዲስ ማበጀት አለበት። ጎልማሳው ይህን የሚያደርገው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ሲሆን ጫጩቱ ግን በጥቂት ቀናት ልዩነት ነው፤ አዲሱን ቅርፊት የሚያጠነክርበትን ካልሲየምም በአብዛኛው የሚያገኘው ከሚኖርበት ውሃ ነው። ለጎልማሶች የሚበቃ የሚመስል ውሃ ጫጩቶችን የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

የውሃ ጥንካሬ ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉ መለየት ያስፈልጋል። አጠቃላይ ጥንካሬ ወይም ጂኤች የሚባለው በውሃው ውስጥ የሟሙትን ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚለካ ሲሆን፣ የካርቦኔት ጥንካሬ ወይም ኬኤች የሚባለው ደግሞ የባይካርቦኔትን መጠን፣ ማለትም ውሃው የፒኤች (የአሲድነት ልክ) መዋዠቅን የመቋቋም አቅሙን ያሳያል። ቅርፊትን የሚሠራው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ፒኤቹን ያጸናል። ለቼሪ ሽሪምፕና ለዘመዶቹ ጂኤች ከ6 እስከ 8፣ ኬኤች ከ2 እስከ 5 ዲግሪ (ዲግሪ እዚህ የጥንካሬ እንጂ የሙቀት መለኪያ አይደለም) ቢሆን ይመረጣል። ክሪስታል ሬድን የመሳሰሉት የካሪዲና ዝርያዎች ግን ለስለስ ያለና አሲዳማ ውሃ ስለሚፈልጉ ጂኤች ከ4 እስከ 6፣ ኬኤች ከ0 እስከ 1 ይበቃቸዋል። ለጀማሪ የምመክረው ቼሪውን ነው።

ብዙ አሳዳጊዎች ቲዲኤስ በተባለው የኤሌክትሮኒክስ መለኪያ ብቻ ይተማመናሉ፤ ይህ ግን አሳሳች ልማድ ነው። መሣሪያው የሟሟው ነገር ሁሉ በድምሩ ስንት እንደሆነ በግምት ከመናገር በቀር ካልሲየም ይሁን ሶዲየም አይለይም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በብዙ ቦታ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ግን ያነሰበት ስለሆነ ቲዲኤሱና ኬኤቹ ከፍተኛ ሆነው ሳለ ጂኤቹ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። በውጭ አገር በየቤቱ የሚተከለው በጨው የሚሠራ የውሃ ማለስለሻም እንዲሁ ካልሲየሙን አውጥቶ በምትኩ ሶዲየም ስለሚያስገባ ውሃው ወደ ማለስለሻው ከመግባቱ በፊት መቀዳት አለበት። በእስራኤል ደግሞ ከባሕር ተጣርቶ የሚቀርበው ውሃ ካልሲየም ቢጨመርበትም ማግኒዥየሙ በጣም አነስተኛ ነው፤ ይህንንም የቲዲኤስ መለኪያው አያሳይም።

ስለዚህ መጀመሪያ መገዛት ያለበት የጂኤችና የኬኤች የጠብታ መለኪያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በ5 ሚሊሊትር ውሃ ላይ ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ ጠብታ እየቆጠሩ ይጨምራሉ፣ በአብዛኞቹ መለኪያዎችም አንድ ጠብታ አንድ ዲግሪ ነው። ውሃውን 10 ሚሊሊትር ካደረጉት እያንዳንዱ ጠብታ ግማሽ ዲግሪ ስለሚሆን ንባቡ ይበልጥ ይጠራል። የታሸገ ውሃ የሚጠቀም ሰው መለያ ወረቀቱን አይቶ በአንድ ሊትር ያለውን የካልሲየም ሚሊግራም ለ7.1፣ የማግኒዥየሙን ለ4.3 አካፍሎ ሁለቱን ቢደምር ጂኤቹን ያገኛል።

ውሃው ከሚፈለገው በላይ ጠንካራ ከሆነ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ማዕድኑን በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ) ከተጣራ ወይም ተፍልቶ እንፋሎቱ ከተጠራቀመ ውሃ፣ ማለትም ማዕድኑ ከወጣለት ንጹህ ውሃ ጋር መቀላቀል አስተማማኙ መንገድ ነው። ስሌቱ የሚፈለገውን ዲግሪ ለቧንቧው ዲግሪ ማካፈል ብቻ ነው፦ የቧንቧው ጂኤች 10 ሆኖ 6 ከተፈለገ፣ 6 ሊትር የቧንቧ ውሃ ከ4 ሊትር ንጹህ ውሃ ጋር ይደባለቃል፤ ኬኤቹም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የዝናብ ውሃም ለስላሳ ነው፤ ይሁን እንጂ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን መጠቀም አይገባም፤ ምክንያቱም ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ለመኪና ባትሪ ከሚሸጠው ፈሳሽ ደግሞ አሲድ የተቀላቀለበት ስላለ ከእርሱ መራቅ ይሻላል።

ውሃው ከመጠን በላይ ለስላሳ ከሆነ ለሽሪምፕ ተብሎ የተዘጋጀ የማዕድን ዱቄት ተመራጭ ነው። እርሱ በማይገኝበት ቦታ ንጹህ ካልሲየም ሰልፌትና ሽታም ቀለምም ያልተጨመረበት ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ማለትም ኤፕሰም ሳልት፣ ይተኩታል። በ10 ሊትር ውሃ ውስጥ 0.9 ግራም ካልሲየም ሰልፌት ጂኤቹን በ3 ዲግሪ፣ 0.44 ግራም ኤፕሰም ሳልት ደግሞ በ1 ዲግሪ ከፍ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ትንሽ መጠን የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ካልሲየም ሰልፌት ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ በሌላ ዕቃ ውስጥ እያማሰሉ ለሰዓታት ማቆየት ነው። ለግንባታ የሚሸጠው ጄሶ ከዚሁ ማዕድን ቢሠራም ሌላ ነገር ሊደባለቅበት ስለሚችል አይሆንም። የእንቁላል ቅርፊት ጂኤችንና ኬኤችን አንድ ላይ ያነሣል፤ ነገር ግን የሚሟሟው በዝግታ ነው፣ ፒኤቹ ከ7 በላይ በሆነ ውሃ ውስጥም እምብዛም አይሟሟም፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ድጋፍ እንጂ ለፈጣን ማስተካከያ አይሆንም። የጎደለው ኬኤች ብቻ ሲሆን በ10 ሊትር 0.3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ አንድ ዲግሪ ይጨምራል።

ትክክለኛው ቁጥር ላይ መድረስ ግን የሥራው ግማሽ ነው፤ በእኔ እምነት ለጫጩቶች ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው አለመለዋወጡ ነው። ድንገት የተለወጠ ውሃ ሽሪምፑን ያለጊዜው ቅርፊቱን እንዲጥል ሊገፋው ይችላል፤ እንቁላል የተሸከመች እናት ደግሞ ያለጊዜው ከጣለች እንቁላሎቿም ከቅርፊቱ ጋር አብረው ይሄዳሉ። በሳምንት አንዴ ከ10 በመቶ ያልበለጠ ውሃ መቀየር ይበቃል። የሚገባው ውሃ ከአንድ ቀን በፊት ተዘጋጅቶ፣ ክሎሪኑ ወጥቶ፣ ጥንካሬውና ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ጋር ከተመሳሰለ በኋላ በቀጭን ቱቦ በጠብታ መግባት አለበት።

በትነት የጎደለውን መሙላት ሌላ ጉዳይ ነው። ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ሲሆን ማዕድኑ በአኳሪየሙ ውስጥ ይቀራል፤ በመሆኑም የጎደለውን በቧንቧ ውሃ የሚሞላ ሰው ሳያውቀው በየሳምንቱ ጥንካሬውን ይጨምራል። የጎደለው ማዕድኑ በወጣለት ንጹህ ውሃ ይሞላ። የቲዲኤስ መለኪያ በእርግጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የአኳሪየሙ ጂኤችና ኬኤች አንዴ በጠብታ ከታወቁ በኋላ የቲዲኤሱ ቁጥር ከተለመደው ሲወጣ ወይም ሲወርድ ለውጥ እንዳለ ፈጥኖ ያመለክታል።

በጭንቅላትና በጀርባ መካከል ዙሪያውን የተሰነጠቀ ነጭ ቀለበት የሚታይበት ሽሪምፕ ቅርፊቱን በትክክል መጣል እንዳልቻለ ያሳያል። ይህ ሲታይ በዚያው ቀን ብዙ ውሃ መቀየር ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል፤ ይልቅስ ጂኤችና ኬኤችን ለክቶ፣ ልዩነት ካለ በሳምንት ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ብቻ እያስተካከሉ ወደሚፈለገው መድረስ ይገባል። ሽሪምፖቹ የጣሉት ባዶ ቅርፊትም ከአኳሪየሙ አይውጣ፤ እየበሉት በውስጡ ከቀረው ካልሲየም ጥቂቱን መልሰው ያገኛሉና።