መቅደላ ስትወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወሎ ውስጥ የፈረሰ ምሽግ ማየት የሚፈልግ ሰው መቅደላን ሳያስብ አይቀርም። ብዙዎች ግን ከደሴ ተነስተው ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው፣ አምባው ላይ ወጥተው፣ ዙሪያውን አይተው "ታዲያ የታለ?" ይላሉ። ይህን ስሰማ አዝናለሁ። መቅደላ ሊያሳየን የሚችለው ብዙ ነው። ችግሩ ያለው አካሄዳችን ላይ ነው።

የፋሲል ግንብን የመሰለ ነገር መፈለግ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። መቅደላ ላይ እንደ ጎንደር በድንጋይና በኖራ የተገነባ ቤተ መንግሥት አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ የኖሩበት፣ እስረኞቻቸውን ያቆዩበትና ግምጃ ቤታቸውን ያኖሩበት ግቢ በአብዛኛው የሳር ክዳን ቤቶች ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 10 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባውን አቃጥሎ ወጣ። ሳር ቤት ሲቃጠል ፍርስራሹ እንኳ ብዙ አይቆይም።

የመቅደላ ቅጥር ገደሉ ራሱ ነው። ቴዎድሮስ አምባውን የመረጡት ለዚህ ነበር። ስለዚህ ስትደርሱ የሕንፃ ቅሪት ከመፈለጋችሁ በፊት የመሬቱን አቀማመጥ ተመልከቱ። አምባው ብቻውን አይደለም። ፋላ፣ ሰላሴና መቅደላ የሚባሉ ሦስት ከፍታዎች አሉ። ከመቅደላ ግርጌ እስላምጌ የሚባለው ሜዳ ይገኛል። ወደ አምባው የሚያስገቡት ደግሞ ኮከት በርና ካፊር በር ናቸው። አስጎብኚያችሁን እያንዳንዱን በጣቱ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ይህን ሳታውቁ መዞር ከጀመራችሁ ሁሉም ሜዳና ድንጋይ ይሆንባችኋል።

አሮጌ የሚባለውን የጦር ሜዳ ሳታዩ እንዳትመለሱ። የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ የቴዎድሮስ ጦር ከከፍታው ወርዶ የተዋጋው እዚያ ነው። የቴዎድሮስ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁትም እዚያው ነው። ከኛ በኩል ወደ 700 ሰው ሲሞት ከእንግሊዞቹ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር መጽሐፍ ላይ ሳነብ ግራ ይገባኝ ነበር። መሬቱን ስታዩ ግን ይገባችኋል። ቁልቁለቱን የሮጠ ሰው፣ ከኋላው ተጎርሶ ቶሎ ቶሎ የሚተኩስ ስናይደር ጠመንጃ ፊት ለፊት ይጠብቀው ነበር። ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሰዉት ከሦስት ቀን በኋላ፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው። እንግሊዞቹ በኮከት በር ሲገቡ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ታሪኩን በር በሩን እየቆማችሁ ስትሰሙት ሌላ ነው።

ስሙን ብቻ ይዞ መነሳት

መቅደላ የሚባል ወረዳ አለ፤ አምባው ያለው ግን ተንታ ወረዳ ውስጥ ነው። ሁለቱም ደቡብ ወሎ ናቸው። ለሹፌሩ "መቅደላ" ብላችሁ ብቻ ከተነሳችሁ ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። አሁን ያለው የቦታው ስም አምባ ማርያም መሆኑንም ያዙ። ከደሴ በኩታበር አድርጋችሁ ወደ ተንታ እንደምትሄዱ አስረግጣችሁ ንገሩት።

ሁለት አምባ በአንድ ጀምበር

"ግሸንንም መቅደላንም አይተን እንመለስ" የሚል ዕቅድ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ኧረ ተዉት። ግሸን ማርያም አምባሰል ነው፤ ራሱን የቻለ ጉዞ ይፈልጋል። የድሮዎቹ ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን ያስቀመጡበት የመካከለኛው ዘመን አምባ ነው። የግማደ መስቀሉ ታሪክም ያለው እዚያ ነው። መስከረም 21 ደግሞ ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን መንገዱን ይሞላዋል። ግሸንን ለመሳለም ሂዱ፣ መቅደላን ለብቻው ሂዱበት። ለመቅደላ ቢያንስ አንድ ሌሊት አካባቢው ላይ እደሩ። ከሰዓት በኋላ ደርሳችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመመለስ ከሮጣችሁ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ወቅቱንና የመንገዱን ሰላም አለመጠየቅ

ክረምት መንገዱ እንደሚበላሽ ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው በልግ ነው። የወሎ ደጋ በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ በልግ ይዘንብበታል። ብዙ ሰው መሄድ የሚፈልገው ደግሞ ቴዎድሮስ ለሞቱበት ለሚያዝያ 6 መታሰቢያ ነው። ጭቃ ላይ የሚያልፍ መኪና ያዙ፣ ለዝናቡም ተዘጋጁ። ሁሉም ነገር ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ የሚሆነው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሌሊቱ ግን ይበርዳልና ጋቢ አትርሱ።

የመንገዱ ሰላም ከዝናቡ ይበልጣል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ባለፈው ወር ሄዶ የመጣ ሰው በነገራችሁ አትነሱ። ደሴ አድራችሁ፣ በዚያው ሳምንት ከተንታ የመጡ ሹፌሮችን ጠይቁ። "አሁን አይሆንም" ካሏችሁ አይሆንም ማለት ነው።

ሴባስቶፖልን ፎቶ ማንሻ ማድረግ

ሴባስቶፖል የቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው ቅጂው ነው። ዋናው ያለው መቅደላ ነው። ይህን የማያውቁ ሰዎች አሉ፤ ሲደርሱም ላዩ ላይ ወጥተው ይቀመጡበታል። እባካችሁ አትውጡበት። ለትውልድ የሚተርፍ ቅርስ ነው።

መድፉ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ቴዎድሮስ በሰበሰቧቸው አውሮፓውያንና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ ተሠራ። ከዚያ በጥቅምት 1860 ጉዞ ተጀመረ፤ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። መንገድ አልነበረም። ወታደሩ ድንጋይ እየፈነቀለ መንገድ ሠራ፤ ንጉሡም አብረው ይሠሩ ነበር። የጂዳንና የበሽሎን ወንዞች ገደል ወርዶ መውጣት ምን እንደሆነ ያየ ሰው፣ ያንን ብረት ሲያይ ዝም ብሎ መቆሙ አይቀርም። የእንግሊዝ ጦርም ሲመጣ ያንኑ መንገድ ተጠቀመበት። ከመድፉ አጠገብ ቆማችሁ ወደ በሽሎ በኩል ተመልከቱ፤ መጀመሪያ መንገዱን፣ ከዚያ መድፉን።

አንድ ታሪክ ብቻ ይዞ መሄድ

ይህን በጥንቃቄ ነው የምጽፈው፤ ግን መጻፍ አለበት። አብዛኞቻችን ወደ መቅደላ የምንሄደው በትምህርት ቤት የተማርነውን ጀግና ይዘን ነው። ጀግንነታቸው እውነት ነው። ወሎ ግን ቴዎድሮስን በዘመቻም ያውቃቸዋል። ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ ሲያመልጡ በወሎ ገዥዋ በወይዘሮ ወርቂት ግዛት በኩል አልፈው ሸዋ ገቡ። ቴዎድሮስም ተቆጥተው አምባው ላይ ታስሮ የነበረውን የወርቂትን ልጅ አስገደሉት። በአሮጌ ውጊያ ዋዜማም ብዙ እስረኞች ከገደል ተወርውረዋል።

ስለዚህ የአካባቢው አባቶች ሲያወሩላችሁ አታቋርጡ፤ "እንደዚያ አይደለም፣ መጽሐፉ እንዲህ ይላል" አትበሉ። "አባባ፣ ከአባቶችዎ የሰሙትን ይንገሩን" ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ስሙ። ቡና ከተፈላ ቁጭ በሉ። ወሎ ላይ አቦሉን ጠጥቶ ብድግ ማለት አይወደድም። ደግሞም ጥሩው ወሬ የሚመጣው ሦስተኛው ላይ ነው። በእኔ እምነት ሁለቱንም ታሪክ ያልሰማ ሰው መቅደላን አየ አይባልም። የምንኮራበትም የሚያመንም አንድ አምባ ላይ ነው የሆነው።

ገደሉን መናቅ

ጫፉ ላይ ቆሞ ሰልፊ የሚያነሳ አይጠፋም። እርጥብ ሳርና ልል ድንጋይ ያንሸራትታሉ። ከጫፉ ራቁ፣ ልጆችን በእጃችሁ ያዙ፣ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ ውሃ ይዛችሁ ውጡ። የአስጎብኚውን ክፍያ ሳትወጡ በፊት ተነጋገሩ፤ ወርዳችሁ መከራከር ያሳፍራል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስትገቡ ነጠላ ይኑራችሁ፣ ካህኑን ሳትጠይቁ ካሜራ አታውጡ።

ከአምባው አንዳች ነገር ይዞ መውረድ

ጥይት ቀለህ፣ የገል ስባሪ፣ ዝገት የበላው ብረት ልታዩ ትችላላችሁ። "ማስታወሻ ይሆነኛል" ብሎ ኪስ ውስጥ መክተት ቀላል ይመስላል። ከዚህ አምባ ግን የተወሰደው በዝቷል። እንግሊዞች ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንና ከግምጃ ቤቱ የዘረፉትን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው፣ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጡት። 11 ታቦታት ዛሬም የብሪታንያ ሙዚየም መጋዘን ውስጥ ናቸው። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። የሰባት ዓመቱ የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እንኳ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ፤ አጽሙ ዊንድዘር ነው ያለው። የቴዎድሮስ ጸጉር ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማንሳትንም ማውጣትንም ይከለክላል። አሮጌ ሳንቲም ወይም ብራና ነው ብሎ ልጅ ቢያመጣላችሁም አትግዙ። እናንተ ስትገዙ እሱ ነገ ሌላ ፍለጋ ይቆፍራል። ለደብተርና ለእስክሪብቶ መስጠት ከፈለጋችሁ በአስተማሪው በኩል ስጡ። መሬት ላይ ያገኛችሁትን ነገር ካለበት ሳታነሱ ፎቶ አንሱት፣ ለአስጎብኚው አሳዩት፣ ስትመለሱም ለተንታ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የት እንዳያችሁት ንገሩ።