ጭነት ለሚበዛበት ፒክአፕ አሞርዛተር እንዴት እንደሚመረጥ

ፒክአፕ ከኋላው ዝቅ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው አሞርዛተር መቀየር ነው። ወፍራሙን ግጠም፣ ከፍ ይላል፣ ጭነትም ይችላል ይባላል። በዚህ ምክር ብዙ ገንዘብ ሲባክን አይቻለሁ። ክብደቱን የሚሸከሙት ባሌስትራ (የተደራረበው ጠፍጣፋ ብረት) እና ሞላ (ጥምዝምዙ ብረት) ናቸው። አሞርዛተር ደግሞ ውዝዋዜያቸውን ይዞ ያቆማል። ውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የንዝረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ስለዚህ መኪናው ወርዶ ከሆነ መጀመሪያ ባሌስትራውን አሠሩ። የአሞርዛተር ግዢ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚጠቅም ልኬቱ ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

1. ማለቁን አረጋግጡ

መኪናውን በእጅ ጫን ብሎ መልቀቅ ለትንሽ አውቶሞቢል ይሠራ ይሆናል። የላንድክሩዘር 79 ባሌስትራ ግን ለሰው ክብደት አይበገርም፤ ፈተናው ምንም አይነግራችሁም። ይልቅ ኮሮኮንች ላይ ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና አራቱንም አሞርዛተሮች በጥንቃቄ ነካ ነካ አድርጉ። ሊያቃጥሉ ስለሚችሉ መጀመሪያ እጃችሁን ብቻ ጠጋ አድርጉ። የሚሠራ አሞርዛተር ይሞቃል። ጓደኛው ሞቆ እሱ ከቀዘቀዘ ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ሰውነቱ ላይ አቧራ የያዘ ስስ ቅባት ብዙም አያሳስብም። ዘይቱ መስመር ሠርቶ ከወረደ ግን አልቋል። ጎማው ዙሪያውን ከፍ ዝቅ እያለ ከተበላም አሞርዛተሩን ጠርጥሩ።

2. መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ምን ተሸክሞ እንደሚውል ጻፉ

በዓመት አንዴ የምትጭኑትን ሳይሆን የዘወትሩን ጭነት አስቡ። ሁልጊዜ ሲሚንቶና እህል የሚጭን ፒክአፕ ጠንከር ያለ አሞርዛተር ይፈልጋል። ባዶውን የሚመላለስ መኪና ላይ ያንኑ ብትገጥሙ ጎማው በየጉድጓዱ ይዘላል፣ ወገባችሁም ይከፍላል።

3. ርዝመቱን ለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው፤ አሞርዛተር የሚሰባበረውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ በተሠራ ስህተት ነው። መኪናው እንደ ፋብሪካው ከሆነ ችግር የለም፤ በሻንሲ ቁጥሩና በሞዴሉ ትክክለኛው ይገኛል። ባሌስትራ ከተጨመረበት ወይም ከፍ ከተደረገ ግን የካታሎጉ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። እራሳችሁ መለካት አለባችሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንዱ አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ የሚኖረው ርዝመት ነው፤ ሌላው ሙሉ በሙሉ ሲታመቅ የሚኖረው።

ለመጀመሪያው፣ ሻንሲውን በክሪክ አንሥታችሁ ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር ፈጽሞ አትግቡ። የድሮውን አሞርዛተር ፍቱና አክስሉ ቀስ ብሎ ይንጠልጠል። የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር ተከታተሉ። ከዚያ ከላይኛው ማሰሪያ መሐል እስከ ታችኛው መሐል ለኩ። አዲሱ ሲሳብ ከዚህ ማነስ የለበትም። ካነሰ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር የአክስሉ ክብደት በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል።

ለሁለተኛው፣ መኪናው በጎማው ቆሞ ያንኑ ርቀት ለኩ። ቀጥሎ ሻንሲው ሥር ካለችው የመምቻ ጎማ (አክስሉ ወደ ላይ ሲወጣ የሚያርፍባት ላስቲክ) እስከ አክስሉ ያለውን ክፍተት ለኩና ቀንሱ። የመምቻዋ ጎማ እራሷም ስለምትጨፈለቅ ሌላ 3 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ። ለምሳሌ የቆመበት ርቀት 48 ሴንቲ ሜትር፣ ክፍተቱ 9 ቢሆን፣ 39 ይቀራል። ከዚያ 3 ሲነሣ 36 ይመጣል። አሞርዛተሩ ሲታመቅ 36 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። አሞርዛተሩ አጋድሎ ስለሚገጠም በእውነቱ የሚያጥረው ከዚህ ባነሰ መጠን ነው፤ ስሌቱ ወደ ጥንቃቄው ያደላል።

ባሌስትራ አስጨምሮ በግምት ረጅም አሞርዛተር የተገጠመለት አንድ 79 አይቻለሁ። የታችኛው ቀለበት ከብየዳው ተገንጥሏል፣ ዘንጉ ጎብጧል። የመምቻዋ ጎማ ላይ ግን አቧራው እንዳለ ነበር፤ አክስሉ አንድም ቀን አልነካትም። ዱላውን በሙሉ የተቀበለው አሞርዛተሩ ነው። ባሌስትራው ይቅደም ያልኩት ለዚህ ነው፤ በኋላ ከተሠራ የለካችሁት ሁሉ ይቀየራል።

አንዱ ቁጥር ልክ ሆኖ ሌላው ካልገጠመ ሌላ ሞዴል ፈልጉ። "ትንሽ ናት፣ ትገባለች" የሚል ሻጭ አትስሙ።

4. ዓይነቱን ምረጡ

ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉ። ባለ ሁለት ቱቦው በዋጋ ይሻላል፣ ለመንዳትም ለስለስ ይላል፤ ውጪው በድንጋይ ቢጎዳም ፒስተኑ ውስጠኛው ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ይተርፋል። ድካሙ ሙቀት ላይ ነው። ረጅም ፒስታ ላይ በፍጥነት ሲነዳ ዘይቱ አረፋ ይሠራና መኪናው መንሳፈፍ ይጀምራል። ባለ አንድ ቱቦው ዘይቱን በከፍተኛ ግፊት ካለው ናይትሮጅን ለይቶ ስለሚይዝ አረፋ አይሠራም፣ ሙቀቱንም ቶሎ ያወጣል። ግን ቱቦው በድንጋይ ከተጎደጎደ ፒስተኑ ይያዛል፤ ዋጋውም ወደድ ይላል።

የኔ ምርጫ ጭነት ይዞ ድንጋያማ መንገድ ላይ ዝግ ብሎ ለሚሄድ መኪና ጋዝ የተሞላ ጥሩ ባለ ሁለት ቱቦ ነው። ረጅም ፒስታ በፍጥነት ለሚበላ ባለ አንድ ቱቦ። ካያባ ሁለቱንም ይሠራል። ቢልስታይን በባለ አንድ ቱቦ ይታወቃል። የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ደግሞ ከባሌስትራው ጋር ተመጣጥኖ ስለሚሸጥ ለተጫነ ፒክአፕ ደስ ይላል።

5. ስትገዙ እዩ

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከሰውነቱ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። ዘንጉን ሳብ አድርጋችሁ በጥፍር ዳስሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም ዝገት ካለው መልሱት። ላስቲክ ቦኮላው (ማሰሪያ ቀለበቱ ውስጥ ያለው ላስቲክ) ላይ ቀለም ከተረጨ አሮጌ ታድሶ ነው። ዘይት ተሞልቶ የተበየደ አሞርዛተር በርካሽም ቢሆን አልገዛም። ሁልጊዜ ጥንዱን ግዙ።

6. ግጠሙ

79 ላይ የፊቱም የኋላውም ለብቻው ስለሚፈታ ቤት ውስጥ ይሠራል። ከ2005 ወዲህ ያለው ሃይለክስ የፊት አሞርዛተር ግን ሞላው ውስጥ ነው። የታመቀ ሞላ ሰው ይገድላል፤ ለጋራዥ ስጡት።

ባለ ሁለት ቱቦውን ከመግጠማችሁ በፊት አቁማችሁ ደጋግማችሁ ሳቡና እመቁት፣ አየሩ ይውጣ። ዘንጉን በፒንሳ አትያዙ፤ የተጫረ ዘንግ ዘይቱ እንዳይፈስ የሚዘጋውን ላስቲክ ይበላዋል። ባለ ቀለበቱን ቡሎን መጨረሻ የምታጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጣሞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ከመጀመሪያው የኮሮኮንች ጉዞ በኋላ ቡሎኖቹን ድጋሚ አጥብቁ፤ ሙቀታቸውንም አራቱም ላይ አወዳድሩ።