የልጆች ስዕል መጽሐፍ ሰዓሊ መሆን እንዴት ይቻላል፦ ከመጀመሪያው ስኬች (ረቂቅ ስዕል) እስከ ህትመት

ስዕል የሚችል ሰው ሁሉ የልጆች መጽሐፍ መሳል ይችላል ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው፣ ግን አንድ የሚያምር ስዕል መሳልና አንዲትን ልጅ ይዞ 32 ገጽ ሙሉ መጓዝ በጣም የተለያየ ስራ ነው፣ አሳታሚዎች የሚፈልጉት ደሞ ሁለተኛውን የሚችል ሰው ነው። ስለዚ እዚህ የምጽፈው ታሪክን በስዕል መናገር እንዴት እንደሚለመድና ከዛ ስራው እንዴት እንደሚገኝ ነው። ሌላውን እንደፈለጋችሁ አስቀድሙ አስከትሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ደረጃዎች ግን እባካችሁ አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ጽሁፉ ያላለውን ስዕሉ ሲናገር ማየት ልመዱ

የልጆች መጽሐፎች ሰብስቡ፣ ከሌላችሁ ላይብረሪ ገብታችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ ጽሁፉን በወረቀት ሸፍናችሁ ስዕሉን ብቻ እያያችሁ ጨርሱት፣ ቀጥሎ ስዕሉን ሳታዩ ጽሁፉን ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ጥሩ መጽሐፍ ከሆነ ሁለቱም ለየብቻቸው የሆነ ነገር ይጎድላቸዋል። ያ የጎደለው ነገር ነው የእናንተ ስራ።

ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። ጽሁፉ «ልጅቷ ዛሬ ምንም አላጠፋሁም አለች» ይላል እንበል። ልጅቷን አፏን ከፍታ ስታወራ ብትስሉ ጽሁፉን ደገማችሁት፣ በቃ። ግን ልጅቷ እጆቿን ወደኋላ አድርጋ ቆማ፣ ከጀርባዋ የተሰበረ የአበባ ማስቀመጫ ጫፉ ብቻ እየታየ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ፈሶ፣ ከውሃው ደሞ የድመት እግር ዱካ ወደ በሩ ሲሄድ ብትስሉ አሁን ሌላ ታሪክ መጣ፦ ጥፋተኛዋ ድመቷ ናት? ልጅቷ እየሸፈነችላት ነው ወይስ ሁለቱም አሉበት? ማንበብ የማይችለው ህጻን ዱካውን በጣቱ እየተከተለ ከሚያነብለት አዋቂ ቀድሞ ያገኘዋል፣ አንድ ህጻን ከአዋቂ ቀድሞ የሚያውቅበት ቦታ ደሞ ብዙ የለም፣ ለዛ ነው ያንኑ መጽሐፍ ድገሙልኝ የሚለው።

እንግሊዛዊው ራንዶልፍ ካልዴኮት (1846–1886 እ.ኤ.አ.) የዘመናዊው የስዕል መጽሐፍ አባት የሚባለው በዚህ የተነሳ ነው፣ አጭር የልጆች ግጥም ይወስድና ግጥሙ ያላነሳውን ታሪክ በስዕል ይጨምርበት ነበር። ሙሉ ጊዜውን ለስዕል ከመስጠቱ በፊት ባንክ ውስጥ ይሰራ ነበር፣ ይሄን የማነሳው ቀን ሌላ ስራ ውላችሁ ማታ ማታ ለምትስሉት ነው። ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ለምርጥ የስዕል መጽሐፍ ሰዓሊ የሚሰጠው ሜዳልያም በሱ ስም ነው የሚጠራው።

ደረጃ 2፦ 32 ገጹን እወቁት

አብዛኛው የስዕል መጽሐፍ 32 ገጽ ነው፣ ምክንያቱም ማተሚያ ቤት ብዙ ገጽ አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ግራና ቀኝ አትሞ ነው አጥፎ የሚቆርጠው፣ ወረቀት ሲታጠፍ ደሞ በእጥፍ ነው የሚሄደው፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያለ። ታሪኩ ከረዘመ 8 ወይ 16 ገጽ ተጨምሮ ወደ 40 ወይ 48 ይዘላል እንጂ 35 ገጽ አይሆንም። ከ32ቱ ላይ የርዕሱ ገጽ፣ የባለቤትነት መብቱ (ኮፒራይቱ) እና የመታሰቢያው ሲነሳ ለታሪኩ የሚቀረው ከ12 እስከ 14 ስፕሬድ ነው፣ ስፕሬድ የሚባለው ሲገለጥ ፊት ለፊት የሚታዩት ሁለት ገጾች አንድ ላይ ናቸው። ሙሉ ታሪካችሁ እዛ ውስጥ መግባት አለበት።

ሶስት ነገር ያዙ። አንደኛ ገጽ መግለጥ ራሱ ታሪክ መንገሪያ ነው፣ በሩ የተንኳኳው በቀኝ ገጽ ከሆነ ያንኳኳው ሰው የሚታየው ከተገለጠ በኋላ ይሁን፣ ሁለቱን አንድ ስፕሬድ ላይ ካደረጋችሁት ልጁ መልሱን ከጥያቄው በፊት ያየዋል። ሁለተኛ ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ መጽሐፍ ወደፊት የሚሄድ ሰው ወደ ቀኝ ይሂድ፣ ወደ ግራ የሚሄድ ገጸ ባህሪ የሚመለስ ወይ የታገደ ይመስላል፣ በአረብኛና በእብራይስጥ መጽሐፍ ደሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሶስተኛ መሃል ላይ መጽሐፉ የሚሰፋበት ቦታ ላይ ፊትም ሆነ እጅ አታስቀምጡ፣ መጽሐፉ ሲጠረዝ ስፌቱ ይውጠዋል።

ደረጃ 3፦ አንድ ልጅ መቶ ጊዜ ሳሉ

ብዙ ጎበዝ ሰዓሊ የሚወድቀው እዚህ ነው። ገጽ 6 ላይ ያለችው ልጅና ገጽ 27 ላይ ያለችው ልጅ አንድ መሆን አለባቸው፣ ከጀርባም ትታይ፣ ጨለማ ውስጥም ትሁን፣ እያለቀሰችም ቢሆን። ለዚህ የገጸ ባህሪ ወረቀት የሚባል ነገር ይሰራል፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ቁጭ ብላ፣ እየሮጠች፣ ተኝታ፣ ተናዳ፣ አፍራ። ልብሷን፣ ጸጉሯን፣ የጫማዋን ክር ሳይቀር ወስኑት፣ ኪሷ በግራ ከሆነ እስከ መጨረሻው በግራ ነው፣ ልጆች እንደዚህ አይነቱን ነገር አያልፉም።

መጠኑን ለመያዝ የጭንቅላት ልኬት ተጠቀሙ። አዋቂ ሰው ቁመቱ የራሱ ጭንቅላት ሰባት ወይ ሰባት ተኩል ያህል ነው፣ የሶስት አራት ዓመት ልጅ ግን አምስት አካባቢ ነው፣ በስዕል መጽሐፍ ደሞ ብዙ ሰዓሊዎች ወደ ሶስት ያወርዱታል። የትኛውንም ምረጡ ግን መሃል ላይ አትቀይሩት። የአዋቂ ሰውነት አሳንሶ መሳል ደሞ ልጅ አያደርገውም፣ ትንሽ ሽማግሌ ነው የሚወጣው።

ከዛ ውጡና እውነተኛ ህጻናት ሲጫወቱ አስተውሉ። ትንሽ ልጅ መሬት ላይ የሆነ ነገር ሲያይ ተረከዙን ሳያነሳ ቁጢጥ ይላል፣ ለረጅም ሰዓት፣ ጉልበቱ ጆሮው አጠገብ ደርሶ። ሲቆም ሆዱን ወደፊት ያወጣል። የሆነ ነገር ሲፈልግ በጣቱ ብቻ አይደለም የሚዘረጋው፣ ትከሻው አብሮ ይሄዳል፣ አፉም ይከፈታል። ቁጢጥ ያለውን ልጅ በትክክል የሳለ ሰው ፈገግታ መሳል አያስፈልገውም፣ ምን ያህል ትኩረት እንደሰጠ ጀርባው ይናገራል። ስትጨርሱ ደሞ ገጸ ባህሪውን ሙሉ በሙሉ በጥቁር ሙሉትና ጥላው ብቻ ሲታይ ምን እያደረገ እንደሆነ ይገባ እንደሆነ እዩ፣ ካልገባ አቋሙን ቀይሩት።

ደረጃ 4፦ ትንንሽ ስኬችና ዳሚ

አንድ ወረቀት ላይ ሙሉ መጽሐፉን የክብሪት ሳጥን በሚያክሉ ትንንሽ ሳጥኖች ሳሉት፣ ስቶሪቦርድ ይባላል። ዝርዝር አትጨምሩ፣ የሚታየው ቅርብ ነው ሩቅ ነው፣ ጨለማ ነው ብርሃን ነው፣ ባዶ ነው የተጨናነቀ ነው የሚለው ብቻ ይታይ። ሁሉም ስፕሬድ ልጅቷን ከወገብ በላይ በተመሳሳይ ርቀት ካሳየ መጽሐፉ ይደክማል፣ አንዱን ጣራ ላይ ወጥታችሁ ከላይ ሳሉት፣ አንዱን ከጠረጴዛ ስር። ለጽሁፉም ከአሁኑ ጸጥ ያለ ቦታ ተዉለት፣ ኋላ ላይ ቅጠልና ጡብ ላይ የሚጻፍ ጽሁፍ አይነበብም።

ቀጥሎ 8 ኤ4 ወረቀት መሃል ለመሃል አጥፋችሁ በስቴፕለር ምቱት፣ 32 ገጽ ሆነላችሁ። ስኬቹን ለጥፉበት፣ ጽሁፉን ጻፉበት፣ ይሄ ነው ዳሚ የሚባለው። ለሆነ ልጅ አንብቡለት፣ አስተያየት አትጠይቁት፣ አይኑንና ጣቱን ብቻ ተከታተሉ። ጣቱ የት ሄደ፣ የቱ ገጽ ላይ ለመግለጥ ቸኮለ፣ የቱ ጋ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ዞር ያለበትን ገጽ እንደገና ሳሉት።

ደረጃ 5፦ የመጨረሻው ስዕል

ውሃ ቀለም፣ ጓሽ (ወፍራም፣ ስሩን የማያሳይ የውሃ ቀለም)፣ ባለቀለም እርሳስ፣ ኮላዥ (ወረቀት እየቆረጡ በመለጠፍ የሚሰራ)፣ እንደ ፕሮክሪኤትና ፎቶሾፕ ያሉ የመሳያ ፕሮግራሞች፣ የትኛውም ይሆናል፣ አሳታሚ በምን እንደሳላችሁ ብዙም ግድ የለውም። የህትመቱ ቴክኒክ ግን ግድ ይላል፦ ፋይሉ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይወጣ በየጠርዙ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ስዕል፣ ቀለሙ ደሞ ሲኤምዋይኬ (ማተሚያ ቤት የሚያትምባቸው አራቱ ቀለሞች፣ አንዱ ጥቁር ነው)። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፣ ስለዚ ሙሉ መጽሐፉን ሳትጨርሱ በፊት አንድ ስፕሬድ አሳትማችሁ እዩ። በእጅ የምትስሉ ከሆነ በጣም ስስ የሆነ የውሃ ቀለም ስካን ሲደረግ ሊጠፋ እንደሚችል አስቡበት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። መጽሐፉ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ማተሚያ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀይረው የጥቁር ቀለሙን ፕሌት (ለየቀለሙ ለብቻው የሚሰራ የማተሚያ ሰሌዳ) ብቻ ነው፣ ጽሁፉ ያለው እዛ ላይ ስለሆነ። ስለዚ የሱቅ ታፔላ ወይ ደብዳቤ ላይ በስዕሉ ውስጥ ፊደል ከጻፋችሁ ወይ ደሞ ጽሁፉ በጥቁር ስዕል ላይ በነጭ ይሁን ካላችሁ ትርጉሙን ታስወድዱታላችሁ። ጽሁፍ ሁልጊዜ በራሱ ሌየር፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ከስዕሉ በተለየ ንብርብር ይቀመጥ።

ደረጃ 6፦ ፖርትፎሊዮና ስራ ማግኘት

ፖርትፎሊዮ ለአሳታሚ የምታሳዩት የስራችሁ ስብስብ ነው፣ ከ10 እስከ 15 ስዕል ይበቃል። ደካማ የሆነውን አውጡት፣ ሰው በደካማው ነው የሚመዝናችሁ። የግድ መኖር ያለበት አንድ ገጸ ባህሪ ተከታታይ በሆኑ ሶስት ወይ አራት ትዕይንቶች ውስጥ ነው፣ አርት ዳይሬክተር (አሳታሚው ጋ ሰዓሊ የሚመርጠውና ስዕሉን የሚከታተለው ሰው) መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ስለሆነ። ከዛ ልጆች እርስ በርስ ሲጫወቱ ወይ ሲጣሉ፣ እንስሳ፣ ቤት ውስጥ፣ ከቤት ውጪ፣ ማታ። ብቻውን ቆሞ ወደናንተ የሚያይ ገጸ ባህሪ ብቻ ካለ ታሪክ መናገራችሁን አያሳይም።

ሌላ ሰው የጻፈው ታሪክ ሲሆን ሰዓሊውን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ አሳታሚው ነው እንጂ ጸሐፊው አይደለም፣ ጸሐፊና ሰዓሊ ሳይተዋወቁ መጽሐፍ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚ ለአርት ዳይሬክተሮች አጭር ኢሜይል ጻፉ፣ ሁለት ሶስት ስዕልና የፖርትፎሊዮ ሊንክ፣ ከዛ ዝም ካሉ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ስዕል ይዛችሁ ተመለሱ። የአሳታሚውን መጽሐፎች ሳታዩ አትላኩ። ጣልያን ቦሎኛ ከተማ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የልጆች መጽሐፍ አውደ ርዕይ የሰዓሊዎች ውድድርም አለው፣ ስዕል ገና ላላሳተሙ ሰዎችም ክፍት ነው። ራሱ የሚያሳትም ጸሐፊ በቀጥታ ሊያነጋግራችሁም ይችላል፣ ጥሩ ልምድ ነው፣ ግን ሳትፈራረሙ እርሳስ አታንሱ።

ደረጃ 7፦ ውሉን አንብቡ

ሁለት አይነት ክፍያ አለ። አንዱ አንዴ ተከፍሏችሁ የሚያልቅ ነው። ሌላው ቅድሚያ ክፍያና ሮያሊቲ (ከመጽሐፉ ሽያጭ የሚደርሳችሁ ድርሻ) ነው፣ ቅድሚያው ብዙ ጊዜ ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው፣ ስትፈርሙ፣ ስኬቹ ሲያልፍ፣ የመጨረሻው ስዕል ሲገባ፣ ሮያሊቲው መምጣት የሚጀምረው ደሞ መጽሐፉ ተሽጦ ቅድሚያውን ከሸፈነ በኋላ ነው፣ ጸሐፊ ካለም እኩል መካፈል የተለመደ ነው። ኤጀንት (ስራ የሚያፈላልግላችሁና ስለ ውሉ የሚደራደርላችሁ ሰው) ካላችሁ ከክፍያው ላይ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ወይ ከዛ በላይ ይወስዳል።

ከገንዘቡ በላይ አጥብቃችሁ የምትጠይቁት ኮፒራይቱ የማን ነው የሚለውን ነው። በእናንተ ስም ቆይቶ አሳታሚው የማሳተም ፈቃድ ብቻ ቢይዝ ይሻላል። ስማችሁ ሽፋን ላይ ይውጣ፣ ኦርጅናል ስዕሉ የእናንተ ይሁን፣ ስንት ዙር ማስተካከያ እንደምትሰሩ ይጻፍ፣ ፕሮጀክቱ መሃል ላይ ቢሰረዝ ስንት እንደሚከፈላችሁ ይጻፍ፣ መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ወደናንተ የሚመለስበት አንቀጽ ይኑር፣ ስዕላችሁ ለኤአይ ማሰልጠኛ መዋል አለመዋሉም ይጠቀስ። ያልገባችሁን መስመር ለባለሙያ አሳዩ፣ ጠበቃ ባይሆን እንኳን ከዚህ በፊት የፈረመ ሰዓሊ ጠይቁ፣ ሰዓሊዎች በዚህ ነገር ሲረዳዱ ደስ ይላል።

ደረጃ 8፦ ካስረከባችሁ በኋላ

ሙሉ መጽሐፍ መሳል ብዙ ወር ይፈጃል፣ ከፈረማችሁበት ቀን እስከ መደርደሪያ ደሞ ከዓመት በላይ መቆየቱ የተለመደ ነው። መሃል ላይ ፕሩፍ (ከህትመቱ በፊት ለማረሚያ የሚታተም ናሙና) ይላክላችኋል፣ በቀን ብርሃን እዩት፦ የቆዳው ቀለም ከገጽ ገጽ ተቀይሯል ወይ፣ ጨለማው ስዕል ዝርዝሩ ጠፍቷል ወይ፣ ስፌቱ የዋጠው ነገር አለ ወይ፣ ስማችሁ በትክክል ተጽፏል ወይ። ማስተካከያውን ገጽ በገጽ ጽፋችሁ መልሱ። በመሃል ያለውን ጊዜ ለሁለተኛው ዳሚ ተጠቀሙበት፣ ኤዲተሩ የመጀመሪያውን ስራ ከወደደው ሌላ ምን አለሽ ወይ ምን አለህ ብሎ መጠየቁ አይቀርምና።