ጊታራችሁን ጊታር ለማይችል ሰው አሰሙት

ዜማና ቤዝ (አውራ ጣት የሚመታው ወፍራም ድምፅ) አንድ ላይ በጣት ስትጫወቱ፣ ዜማው ጭንቅላታችሁ ውስጥ ስላለ ባይሰማም የተሰማ ይመስላችኋል። በስልክ ቅዱትና የዘፈኑን ስም ሳትናገሩ የወሎ ዘፈን ለሚወድ ሰው አሰሙት። አብሮ እንዲያንጎራጉር ጠይቁት። ዜማው የጠፋበት ቦታ አውራ ጣታችሁ የዋጠው ቦታ ነው።

ቅኝቱንም ጠይቁት፤ ይሄ ወሳኝ ነው! ከ«ሚ» ኖታ የሚነሳ አምባሰልና ከ«ላ» ኖታ የሚነሳ ትዝታ ማይነር አምስቱም ኖታቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ማረፊያው፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበት ኖታ ነው። አውራ ጣታችሁ ስድስተኛውን ክር («ሚ») ትቶ ክፍቱን (በጣት ያልተጫነውን) አምስተኛ ክር («ላ») ካዘወተረ፣ አምባሰሉ ሳታውቁት ወደ ትዝታ ይሄዳል። እዚህ ደሴ ቡና ላይ ያሉ እናቶች ቶሎ ይነቁበታል።

ጣታችሁ ገና ቦታውን እየፈለገ ከሆነ ግን ቆዩ። የሚነገራችሁ ስለ መቆራረጡ ብቻ ይሆናል።