ዳታቤዛችሁ ኩበርኔቲስ ላይ ነው? የዲስኩን ዓይነት እዩት

ፖስትግሬስን ወይም ማይኤስኪውኤልን አማዞን ክላውድ ላይ በኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን በሚያስተዳድረው ሥርዓት) የምታሠሩ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ስቶሬጅ ክላሳችሁን፣ ማለትም የሚፈጠረውን ዲስክ ዓይነት የሚወስነውን ቅንብር፣ ከፍታችሁ እዩ። ጂፒ2 (gp2) የሚል የቆየ የአማዞን ዲስክ ዓይነት ካገኛችሁ፣ ለዘገምተኛ ዲስክ ብዙ እየከፈላችሁ ሊሆን ይችላል።

የጂፒ2 ፍጥነት በመጠኑ ልክ ነው፤ ለአንድ ጊጋባይት በሰከንድ 3 ንባብ ወይም ጽሕፈት። ስለዚህ የ100 ጊጋባይት ዲስክ ቋሚ አቅም 300 ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የመጣው ተተኪው ጂፒ3 (gp3) ግን መጠኑ ምንም ይሁን ምን ከ3,000 ይጀምራል። በጊጋባይት ዋጋውም እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል።

ስታወዳድሩ ግን ተጠንቀቁ። ትንሹ ጂፒ2 ሥራ ሲቀንስ ባጠራቀመው ክሬዲት (የትርፍ ፍጥነት ቁጠባ) ለግማሽ ሰዓት ያህል እስከ 3,000 ይሮጣል። የአምስት ደቂቃ ሙከራ ሁለቱን እኩል ያስመስላቸዋል! የዲስክ ፍጥነት መለኪያውን ፊዮን (fio) ቢያንስ አንድ ሰዓት አስኪዱት፤ እውነተኛው ልዩነት የሚታየው ያኔ ነው።

ዲስካችሁ 334 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጂፒ2 በሰከንድ እስከ 250 ሜጋባይት ያስተላልፋል። የጂፒ3 መነሻ 125 ነው። ጫናችሁ ከባድ ከሆነ ለጂፒ3 ተጨማሪ የማስተላለፍ ፍጥነት ገዝታችሁ ቀይሩ።

አዲስ ስቶሬጅ ክላስ መፍጠር ነባሮቹን ዲስኮች አይነካም። እነሱን ለየብቻ ቀይሯቸው፤ ዳታቤዙን ማቆም አያስፈልግም። ባክአፕ ግን አስቀድማችሁ ያዙ።